ማን ልበል?



በዚህ እትም ስለ ሎግኢን ቅጽ እጽፋለሁ ስል የዶርም ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ሁለት ሣጥንና አንድ ቁልፍ! ምኑ ይጻፋል?» አሉ። ከውጭ ሲታይ ልክ ናቸው። አንዱ ሣጥን የመታወቂያ ቁጥር፣ ሌላው ፓስወርድ፣ ከሥር «ግባ» የሚል ቁልፍ። እኔም ሦስተኛ ዓመት እስክደርስ ከዚያ የበለጠ አላየሁትም ነበር። ነገር ግን እኔ በሠራሁት እንዲህ ያለ ቅጽ ምክንያት አንድ ታናሽ ወንድማችን ሁለት ወር ያህል ከጀመዓው ርቆ ነበር። ጉዳዩን የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው። የምጽፈው እርሱን አስፈቅጄ፣ ስሙንና ዲፓርትመንቱን ትቼ ነው።

ያደግኩት ጣርማ በር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሄዳችሁ ቦታውን ታውቁታላችሁ። ከደብረ ብርሃን በኋላ ደጋው ሜዳ ያልቅና መንገዱ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን በስቶ በሠራው ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከዋሻው ወዲያ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ ጉሙ ሲወርድ ደግሞ በአምስት እርምጃ ርቀት ያለ ሰው አይታይም። ቤታችን ከመንገዱ ዳር ነው። አባቴ የጭነት መኪና ረዳት ስለነበር በራችን በማንኛውም ሰዓት ይንኳኳ ነበር። ሾፌር ይመጣል፣ ነጋዴ ይመጣል፣ አበዳሪ ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል። እናቴ ከውስጥ ሆና የምትሰጠው መልስ ግን ለሁሉም አንድ ነበር፦ «ማን ልበል?»

ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ይገርመኝ ነበር። አባቴ ካለ «አለ»፣ ከሌለ «የለም» ማለት ምን ይከብዳል? አንድ ምሽት በሩ ሲንኳኳ ቀድሜያት «የለም፣ ሸዋ ሮቢት ሄዷል!» ብዬ ጮህኩ። ያንኳኳው ሰው ምንም ሳይናገር ሄደ። እናቴ ጆሮዬን ይዛ «ማን እንደሆነ ሳታውቅ ቤቱ ወንድ እንደሌለበት ነገርከው» አለችኝ። ያን ሌሊት በሩን በወንበር ደግፋ አደረች። ነገሩ በደንብ የገባኝ ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው።

ጀመዓችን አቅም ለሚያንሳቸው ተማሪዎች የምታደርገውን ድጋፍ ታውቃላችሁ። ለሀንዳውት ኮፒ፣ ለትራንስፖርት፣ ለሳሙና የምትሆን ትንሽ ገንዘብ ናት። ቀድሞ ጠያቂው በወረቀት ጽፎ ለድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ ይሰጥ ነበር። ወረቀት ይጠፋል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ በጣም የሚቸገረው ሰው አፍሮ አይመጣም። አሚራችን ጠርቶኝ «ሰው ሳያይ የሚጠየቅበት ድረ ገጽ ሥራልን» አለኝ። ደስ አለኝ። ከክፍል ውጭ የምሠራው የመጀመሪያው ሥራዬ ነበር።

የመረጥኩት ጃንጎ የተባለውን በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ የዌብ ፍሬምወርክ ነው። ጃንጎ አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ በአንድ ጋዜጣ የድረ ገጽ ክፍል ተጀምሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። የሎግኢኑን ሥራ ከራሱ ጋር አዘጋጅቶ ይመጣል። እኔ ግን ተዘጋጅቶ የመጣውን መጠቀም ስንፍና መሰለኝና ቅጹን የሚቀበለውን ኮድ ራሴ ጻፍኩት። ለተጠቃሚው አዝኜም የሚገባ መልስ አዘጋጀሁለት። የገባው የመታወቂያ ቁጥር መዝገቡ ውስጥ ከሌለ «በዚህ ቁጥር የተመዘገበ አመልካች የለም» ይላል። ቁጥሩ ካለና ፓስወርዱ ከተሳሳተ ደግሞ «ፓስወርድዎ ትክክል አይደለም» ይላል። ሰው የቱን እንደተሳሳተ ቢያውቅ ይሻለዋል ብዬ ነበር። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልብ በሉልኝ።

ድረ ገጹ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ዶርም ውስጥ ጥቂት ልጆች ለጨዋታ ያህል ከፈቱት። የመታወቂያ ቁጥር ምስጢር አይደለም፤ ውጤት ሲለጠፍ በቁጥር ነው የሚለጠፈው። ከሰሌዳ ላይ ያነሱትን ቁጥር አንድ በአንድ እያስገቡ፣ ፓስወርድ በሚለው ሣጥን የመጣላቸውን እየጻፉ ይልኩ ጀመር። «የተመዘገበ አመልካች የለም»፣ «የለም»፣ «የለም»። ከዚያ በአንዱ ቁጥር ላይ «ፓስወርድዎ ትክክል አይደለም» አላቸው። ያ ቁጥር እዚያው ዶርም የሚያድር ልጅ ነበር። «አንተም ከተረጂዎቹ ነህ እንዴ?» ተባለ፤ ተሳቀ። ክፉ አስበው አልነበረም። ልጁ ግን በማግሥቱ ደርስ አልመጣም። በሚቀጥለውም ሳምንት አልመጣም። የተፈቀደለትን ድጋፍ እንኳ መቀበል አቆመ።

ተመልከቱ፤ ማንም ወደ ውስጥ አልገባም። የማንም ፓስወርድ አልተሰበረም። ኮዱ እንዳዘዝኩት ሠርቷል። ምስጢሩን ያወጣው እዚያው በሩ ላይ የተሰጠው መልስ ነው። ልጅ ሆኜ «የለም፣ ሸዋ ሮቢት ሄዷል!» ብዬ የጮህኩትን አሁን በኮድ ደገምኩት።

አሚሩ ሲነግረኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር፤ በራሴ ላይ ግን አልነበረም። እነማን እንደሆኑ ላውቅ ብዬ የሰርቨሩን ሎግ ከፈትኩ። ሎግ ማለት ሰርቨሩ የተደረገውን ሁሉ በየሰዓቱ የሚመዘግብበት ፋይል ነው። ሰዓቱን ፈልጌ አገኘሁት። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ሙከራ አጠገብ የመታወቂያ ቁጥሩም ፓስወርዱም በግልጽ ተጽፎ ነበር። ቅጹን ስሠራ አልሄድ ብሎኝ የሚላከውን ሁሉ እንዲያሳየኝ አንዲት የፕሪንት መስመር አስገብቼ ነበር፤ ሳላጠፋት ቀረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የገባው የእያንዳንዱ እህትና ወንድም ፓስወርድ እዚያ ተከማችቷል። ዓይኔ ካረፈባቸው አንዱ ስልክ ቁጥር ነበር፤ ሌላው የሰው ስም። ፋይሉን ዘጋሁት፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሌባ ልይዝ ወጥቼ የሁሉም ቤት ቁልፍ በእኔ ኪስ ተገኘ።

እንዲህ ያለው ስህተት የጀማሪ ብቻ አይደለም። ፌስቡክ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ተጠቃሚዎች ፓስወርድ ሠራተኞቹ ሊያነቡት በሚችሉት መልኩ በውስጥ ማከማቻው ተቀምጦ መገኘቱን አስታውቋል። ያ ግን ለእኔ ማጽናኛ አልሆነኝም። ፌስቡክ የሰዎቹን ፊት አያውቅም፤ እኔ ግን ከእነዚያ ሰዎች ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥሜ እሰግዳለሁ።

የዚያኑ ሌሊት ለአሚሩ ነገርኩት። ድረ ገጹን ዘጋነው፤ ፋይሉን አጠፋነው፤ የሁሉንም ፓስወርድ ሻርነው። ከዚያ ከባዱ መጣ፤ ለተጠቃሚዎቹ መናገር። በጀመዓው ፊት ስማቸውን ጠርተን ብንናገር ያንኑ ጥፋት መድገም ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ለብቻው ስልክ ደወልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያን ፓስወርድ በኢሜይልም፣ በቴሌግራምም፣ በሌላም ቦታ የምትጠቀምበት ከሆነ ዛሬውኑ ቀይረው» አልኩ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ ሐቁ ነው። ከደርስ በኋላ ደግሞ ቆሜ የማንንም ስም ሳላነሳ የእኔን ስም ብቻ ጠርቼ ተናገርኩ። ፓስወርድ አማና ነው። አማና ያጎደለ ሰው ማድረግ ያለበት ይህንን ይመስለኛል። ሕጉም ቢሆን ቀልድ አያውቅም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ያስገድዳል።

ከዚያ እንደገና ጀመርኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ራሴ የጻፍኩትን መጣል ነው። በጃንጎ ውስጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣውን የሎግኢን ቅጽ ኮዱን ከፍቼ መስመር በመስመር አነበብኩት፤ እኔ ያላሰብኩትን ስንት ነገር አስቦ እንደነበር ያኔ አየሁ። የኮምፒውተር ተማሪ ላልሆናችሁም እንዲገባ አድርጌ ልንገራችሁ።

ቅጹ ሲላክ በሁለት መንገድ ሊሄድ ይችላል። በጌት ከሄደ የጻፋችሁት ሁሉ በአድራሻው መስመር ላይ ይታያል፤ ፖስታው ጀርባ ላይ ደብዳቤውን እንደ መጻፍ ነው። በቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ላይ ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ታሪኩን ከፍቶ ያነበዋል። ስለዚህ ሎግኢን ሁልጊዜ በፖስት ነው የሚላከው፤ ያም መስመሩ ላይ ተመስጥሮ መሄድ አለበት። ከቅጹ ጋር ድረ ገጹ ራሱ የሰጠው ድብቅ ቁጥር አብሮ ይላካል፤ በሌላ ድረ ገጽ ላይ ተሰውሮ የተሠራ ቅጽ ያ ቁጥር ስለሌለው አይቀበለውም።

ቀጥሎ ፓስወርዱ ይመረመራል። መዝገቡ ውስጥ ፓስወርዱ ራሱ የለም። ያለው ሀሽ የሚባለው ነው። ቡና ከተወቀጠ በኋላ ፍሬው አይመለስም፤ ያንኑ ቡና በዚያው አወቃቀጥ ብትወቅጡት ግን ያንኑ ዱቄት ታገኛላችሁ እንበል። ሰርቨሩ የገባውን ፓስወርድ ወቅጦ ከተቀመጠው ዱቄት ጋር ያስተያያል። ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ፓስወርድ ቢኖራቸው እንኳ ዱቄታቸው እንዳይመሳሰል ለእያንዳንዱ የተለየ ነገር ይጨመርበታል፤ ባለሙያዎቹ ጨው ነው የሚሉት። እኔ በተጠቀምኩበት 4.2 እትም ጃንጎ ይህን ውቀጣ 600,000 ጊዜ ይደጋግመዋል። በትክክል ለሚገባው ሰው ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው፤ መዝገቡን ሰርቆ ሚሊዮን ፓስወርድ ለሚሞክር ግን ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ነው።

ያስደነቀኝ ግን ሌላው ነው። የገባው ስም መዝገቡ ውስጥ ባይኖርም ጃንጎ የገባውን ፓስወርድ ዝም ብሎ ይወቅጠዋል። የሚያስተያየው ነገር የለውም፤ ለምን ይለፋል? ስሙ የለም ብሎ ወዲያው ቢመልስ፣ ስሙ ሲኖር ደግሞ ወቅጦ ዘግይቶ ቢመልስ፣ ሰዓት የያዘ ሰው ከፍጥነቱ ብቻ ማን እንደተመዘገበ ያውቃል። ዝምታም ይናገራል ማለት ነው። መልሱም አንድ ነው፦ ስሙም ይሳሳት ፓስወርዱ፣ ትክክለኛ ስምና ፓስወርድ ያስገቡ ይላል እንጂ የቱ እንደተሳሳተ አይናገርም። ፓስወርድ ረሳሁ የሚለውም ገጽ እንዲሁ ነው፤ ኢሜይሉ መዝገብ ውስጥ ቢኖርም ባይኖርም አንድ ዓይነት ገጽ ያሳያል። ይህን ሳነብ የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ መጣ፦ «ማን ልበል?»

ጃንጎ የማያደርገውም አለ። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ተሳስቶ መሞከር እንደሚችል በራሱ አይገድብም፤ ያን የሚጨምረው ሠሪው ነው። እኛ አምስት ጊዜ ከተሳሳተ ጥቂት ደቂቃ እንዲጠብቅ አደረግን። እዚህም ላይ ልሳሳት ነበር። በኢንተርኔት አድራሻ ብቻ ልገድብ ስል አንድ ጓደኛዬ የግቢው ዋይፋይ በሙሉ ወደ ውጭ በአንድ አድራሻ እንደሚወጣ አስታወሰኝ፤ አንድ ልጅ ቢያጠፋ ግቢው ሁሉ ይቆለፍ ነበር። በመታወቂያ ቁጥር ብቻ ብገድብ ደግሞ ማንም ሰው ሌላውን ሆን ብሎ ሊቆልፍበት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን አጣምረን ቆጠርን፤ በመዝገብ የሌለ ቁጥርንም እንደ ሌሎቹ ቆጠርነው፤ አለዚያ መቆለፉ ራሱ ይናገራል።

በመጨረሻ፣ ገብቶ የነበረ ሰው በራሱ ካልወጣ ጃንጎ ሁለት ሳምንት ያስታውሰዋል። ለራስ ስልክ ምቹ ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ግን አደጋ ነው። ብራውዘሩ ሲዘጋ እንዲረሳው አድርገን ቀየርነው።

ይህ ሁሉ ዋጋ አለው። የመታወቂያ ቁጥሩን አንድ አሃዝ የሳተ ሰው የቱን እንደሳተ አይነገረውም፤ ይጉላላል። እንዲህ ያለው ሰው ለድጋፍ ክፍሉ ይደውላል፤ ማንነቱን ካረጋገጠ በኋላ ይረዳል። የአንዱ መጉላላት ከሌላው መዋረድ ይሻላል ብለን ነው።

ሥራውን ስጨርስ አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ በር አደብ እኛ ሳንማር አልቀረንም። ሱረቱ ኑር ውስጥ ሳያስፈቅዱና ሰላም ሳይሉ የሰው ቤት አለመግባትን ተምረናል። ሦስት ጊዜ አስፈቅዶ ካልተፈቀደ መመለስንም ተምረናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሰው ደጃፍ ሲደርሱ በሩን ፊት ለፊት ሳይጋፈጡ ወደ ጎን ይቆሙ እንደነበር ኡስታዛችን አስተምሮናል፤ ዓይን ከእግር ቀድሞ እንዳይገባ ነው። ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ.) በራቸውን አንኳኩተው ማን እንደሆኑ ሲጠየቁ እኔ ብለው መመለሳቸውን ነቢዩ እንዳልወደዱትም ሰምተናል፤ እኔ የሚለው ማንንም ከማንም አይለይምና። እነዚህን ሁሉ እያወቅኩ በኮድ የሠራሁት በር ግን ለመጣው ሁሉ የሚገለጥ መጋረጃ ነበር። አደቡ ለእንጨት በር ብቻ የመጣ መስሎኝ ነበር።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ወደ ቤት ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ያ ወንድም ከጎኔ ገጠመኝ። ሰላም ተባባልን፤ ከዚያ ዝም። ከደብረ ብርሃን አልፈን ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው ነው አፌን የፈታሁት። ሁሉንም ነገርኩት፤ «ዐፍው በለኝ» አልኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«የከፋኝ መሳቃቸው አይደለም። የድጋፍ ክፍሉ ኃላፊ የነገራቸው መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ ያን ሰው በልቤ ጠልቼዋለሁ። ሰላም ሲለኝ እንኳ በቅጡ አልመለስኩለትም።»

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ኃላፊው ምንም አላደረገም፤ ስለ ነገሩም አያውቅም። የእኔ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያንን ንጹሕ ሰው አስጠርጥረዋል።

«አሁንስ ሰው የእኔን ቁጥር ቢያስገባ ምን ይለዋል?» አለኝ።

ስልኬን አውጥቼ ሰጠሁት። የራሱን ቁጥር አስገብቶ የመጣለትን ፓስወርድ ጻፈ። ከዚያ በዓለም ላይ የሌለ ቁጥር ፈጥሮ ደገመው። መልሶቹን አንድ ሁለቴ አነበባቸው። አንድ ናቸው። ስልኩን መለሰልኝና «ለኃላፊው እደውልለታለሁ» አለ። ስለ እኔ ይቅርታ ያኔ ምንም አላለም፤ እኔም አልጎተጎትኩትም። በሚቀጥለው ሴሚስተር የመጀመሪያው ደርስ ላይ ግን ከፊቴ ባለው ሰፍ ተቀምጦ አየሁት፤ አልሐምዱሊላህ።

እኔ ከዋሻው ሳንደርስ ወረድኩ። አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ወደ ጨለማው ገባ። መግሪብ ሊደርስ ነው፤ ጉሙ ቤታችንን ውጦታል። በሩን አንኳኳሁ።

«ማን ልበል?» አለች እናቴ ከውስጥ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ ማን?»

ድምፄን ታውቀዋለች፤ ልመጣ እንደሆነም ታውቃለች። ቢሆንም ስሜን እስከነአባቴ ተናገርኩ። ከዚያ መወርወሪያው ተነሣ።